«ካፈርኩ አይመልሰኝ» በጎልፍ ሜዳ ላይ ስንት ያስከፍላል?

ዋጋው ሲወርድ እያየ «ነገ ይመለሳል» ብሎ መጋዘኑን ቆልፎ የሚቀመጥ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። ከዚያም አልፎ የጎደለውን ለመሙላት ተበድሮ በዚያው ዕቃ ላይ ሌላ የሚጨምር አለ። አገሬው ለዚህ ዓይነቱ አካሄድ ያወጣለት ስም «ካፈርኩ አይመልሰኝ» የሚል ነው። ገበያ ይህን ሰው የሚቀጣው በዝግታ ነው። ወራት ይፈጃል፤ ጥፋቱም የቱ ላይ እንደጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። ስህተቱ ተጀምሮ፣ አድጎ፣ ሒሳቡም ተዘግቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ የሚታይበት ቦታ ቢፈለግ ግን የጎልፍ ሜዳ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። ሜዳው አሥራ ስምንት ጉድጓዶች አሉት። ተጫዋቹ ኳሷን ከመነሻው አንስቶ በዱላ እየመታ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባታል፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥሩ ተጫዋች ሊፈጅ የሚገባው የምት ቁጥር ተወስኖለታል፤ ይህ ፓር ይባላል። ከፓር አንድ መብለጥ ቦጊ፣ አንድ ማነስ በርዲ ነው። ከመነሻው ወደ ጉድጓዱ የተዘረጋው የታጨደ ሣር ፌርዌይ፣ ጉድጓዱ ያለበት እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሥፍራ ደግሞ ግሪን ይባላል። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ችግር ነው፦ ረፍ የሚሉት ረጅም ሣር፣ ባንከር የሚሉት የአሸዋ ጉድጓድ፣ ዛፍ፣ ውሃ። እዚህ የሚነሳው ጉዳይ ኳሷ ችግር ውስጥ ከገባች በኋላ የምትሰጠው አንዷ ውሳኔ ናት። እንዴት ገባች የሚለው ሌላ ትምህርት ነው።

ካርኑስቲ፦ በኪስ የገባ ዋንጫ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 18 ቀን 1999 በስኮትላንድ ካርኑስቲ ሜዳ የብሪታንያ ኦፕን ሻምፒዮና የመጨረሻ ቀን ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ቫን ደ ቬልድ የመጨረሻው 18ኛ ጉድጓድ መነሻ ላይ ሲቆም ከተከታዮቹ 3 ምት ይቀድም ነበር። ጉድጓዱ ፓር 4 ሲሆን ርዝመቱ 487 ያርድ ነው። ሰውየው 6 ምት ቢፈጅበት እንኳ ዋንጫው የእሱ ነው። ከአርኖ ማሲ ድል፣ ማለትም ከ1907 ወዲህ፣ ያን ዋንጫ ያነሳ ፈረንሳዊ አልነበረም።

ቫን ደ ቬልድ ረጅሙን ዱላ፣ ድራይቨሩን፣ አወጣ። ኳሷ ወደ ቀኝ በጣም ርቃ ሄደች፤ ነገር ግን ዕድል ረዳውና ከውሃው ተርፋ ደህና ቦታ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የሚወቅሰው ይህን የመጀመሪያ ምት ነው። ወቀሳው ግን ቦታውን የሳተ ይመስላል። ምንም ዓይነት ዱላ ቢመርጥ፣ ያ ምት ካለፈ በኋላ ሒሳቡ አልተበላሸም። አንድ ምት ወጥቷል፤ እስከ 6 ድረስ አምስት ይቀሩታል። በአጭር ዱላ ከፊት ካለው ባሪ በርን ከሚባለው ወንዝ ወዲህ ማስቀመጥ፣ በሦስተኛው ግሪን ላይ ማውጣት፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ እየገፉ ማስገባት ይቻል ነበር። ይህን ማድረግ ለአንድ ባለሙያ ቀርቶ ለመካከለኛ ተጫዋችም ከባድ አይደለም።

እሱ ግን ሁለት ቁጥር አይረኑን ይዞ ከ180 ያርድ በላይ ርቆ ያለውን ግሪን በቀጥታ ሊመታ ተነሳ። ነጋዴ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ጥያቄ አለ። ያ ምት ቢሳካ ኖሮ ምን ያተርፍ ነበር? መልሱ ምንም ነው። በ3 ምት ያሸነፈና በ4 ምት ያሸነፈ የሚቀበሉት ዋንጫ አንድ ነው፤ ሽልማቱም አንድ ነው። ትርፉ ቀድሞ ኪስ ገብቶ ሳለ፣ ሊያስገኝ የሚችለው ተጨማሪ ነገር በሌለበት ውል ላይ ካፒታሉን በሙሉ አሲዞ ገባ ማለት ነው።

ኳሷ ወደ ቀኝ ሄዳ የተመልካቾቹን መቀመጫ ብረት መታች፤ ከዚያ ነጥራ የወንዙን ግንብ አናት መታችና ወደ ኋላ ተመልሳ ጥልቅ ሣር ውስጥ ወደቀች። በእርግጥ ይህ ክፉ ዕድል ነው። እዚያው ተመልካች መሃል ብትቀር ኖሮ ያለ ቅጣት አውጥቶ የሚጥልበት ሥፍራ ይሰጠው ነበር። ሆኖም ክፉ ዕድል የሚያገኘው በሩን ከፍቶ የጠበቀውን ነው።

አሁንም አልመሸም ነበር። ሁለት ምት ወጥቷል፤ አራት ቀርቷል። ሣሩ ግን ዱላውን እስከ አንገቱ የሚይዝ፣ ከፊቱ ያለውም ያው ወንዝ ነው። ወደ ጎን፣ ወደ ፌርዌይ አውጥቶ እንደገና መጀመር ይቻል ነበር። ቀጥታውን መረጠ፤ ኳሷ ወንዙ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ የሆነው በቴሌቪዥን የዓለም መነጋገሪያ ሆነ። ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ኳሷን ከውሃው ውስጥ ለመምታት እያሰበ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ኳሷ ግን እያየ ሰመጠችበት፤ ወጣ፤ አንድ የቅጣት ምት ተቀብሎ ኳስ ጣለ። ሰው የሚስቅበት ያ ከውሃ የመውጣት ውሳኔ ከመነሻው ወዲህ የሰጠው የመጀመሪያው ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። አምስተኛው ምት ባንከር ገባ፤ ስድስተኛው ከባንከር ወጣ፤ ሰባተኛው ጉድጓድ ገባ።

በ7 በመጨረሱ ከፖል ሎሪና ከጀስቲን ሌናርድ ጋር እኩል ሆነና አራት ጉድጓድ የመለያ ጨዋታ ተደረገ። ያሸነፈው ስኮትላንዳዊው ሎሪ ነው፤ ያን ዕለት ጠዋት ከመሪው 10 ምት ርቆ የጀመረ ሰው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቫን ደ ቬልድ ለማስታወቂያ ፊልም ወደዚያው 18ኛ ጉድጓድ ተመልሶ፣ ግሪን ላይ ኳስ በሚገፉበት አጭር ዱላ፣ በፓተር ብቻ ተጫወተው። በሦስተኛው ሙከራው በ6 ጨረሰ።

ዊንግድ ፉት፦ ዛፉን ለመዞር

ሁለተኛው ታሪክ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2006፣ በኒው ዮርክ ግዛት ዊንግድ ፉት ሜዳ የተፈጸመ ነው። አሜሪካዊው ፊል ሚከልሰን የአሜሪካ ኦፕን የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ በ1 ምት እየመራ ደረሰ። በፓር 4 ቢጨርስ ያሸንፋል፤ ቦጊ ቢያገባ እንኳ በማግስቱ ከአውስትራሊያዊው ጄፍ ኦጊልቪ ጋር የመለያ ጨዋታ አለው። የዚያን ዕለት ከአሥራ አራት ፌርዌዮች ያገኘው ሁለቱን ብቻ ስለነበር ድራይቨሩ እንደከዳው ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ይሁንና እሱኑ መዘዘ። ኳሷ ወደ ግራ ሄዳ የእንግዶች ድንኳን ላይ ነጠረች።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቫን ደ ቬልድ የሚያስጨንቅ ምንም ነገር ሳይኖር ነው የደፈረው፤ ሚከልሰን ግን ከግሪኑ ጋር የሚያጋርደው ዛፍ ነበረበት። አውጥቶ ፌርዌይ ላይ ቢያስቀምጣት፣ በሦስተኛው ግሪን ላይ ቢያወጣት፣ ሁለት ጊዜ ገፍቶ ቦጊ ያገኛል። በአጭር ምት በዓለም አቻ ያልተገኘለት ሰው ስለሆነ አንዴ ገፍቶ ፓር የማግኘት ተስፋውም ቀላል አልነበረም። እሱ ግን በሦስት ቁጥር አይረን ኳሷን አጥምዞ ዛፉን ለማዞር ሞከረ። ዛፉን መታች፤ 25 ያርድ ያህል ብቻ ሄደች። ሦስተኛው ባንከር ውስጥ ተቀበረ፤ አራተኛው ግሪኑን አልፎ ሄደ፤ በ6 ጨረሰ። በ1 ምት ተሸነፈ። በኋላም ለጋዜጠኞች ራሱን ሞኝ ብሎ ሰደበ። ሚከልሰን ሌሎች ታላላቅ ዋንጫዎችን አንስቷል፤ የአሜሪካ ኦፕንን ግን ስድስት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቶ አንድም ጊዜ አላገኘውም።

ሒሳቡ በወረቀት ላይ

ለመሆኑ ችግር ውስጥ የገባች ኳስ ዋጋዋ ስንት ነው? ይህን በቁጥር ያስቀመጠው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ማርክ ብሮዲ ነው። ሰውየው በፋይናንስ ሙያው የስጋት አያያዝና የዋጋ ስሌት ተመራማሪ ስለሆነ ጎልፉንም ያየው በዚያው ዓይን ነው። በአሜሪካ የባለሙያዎች ውድድር እያንዳንዱ ምት በመሣሪያ እየተለካ ስለሚመዘገብ፣ ከየትኛው ርቀትና ከየትኛው ቦታ ስንት ምት እንደሚፈጅ አማካዩን አወጣ። የውድድሩ ድርጅትም ስሌቱን ከ2011 ጀምሮ በይፋ ተቀብሎታል።

በእሱ ሰንጠረዥ መሠረት አንድ ባለሙያ ከ100 ያርድ፣ ከፌርዌይ ሲነሳ እስኪጨርስ በአማካይ 2.80 ምት ይፈጅበታል። ከዚያው ርቀት፣ ነገር ግን ዛፍ ከጋረደው ቦታ ሲነሳ 3.80 ይሆናል። ከ160 ያርድ የታገደ ቦታ ሲሆን ደግሞ 3.81 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል። ዛፍ ሥር ያለችን ኳስ ከ160 ያርድ በአንድ ምት አውጥቶ 100 ያርድ ላይ ፌርዌይ ያስቀመጠ ባለሙያ፣ 1 ሲደመር 2.80፣ ማለትም 3.80 ይሆንበታል። ከሰንጠረዡ አማካይ ጋር እኩል ነው። በሌላ አነጋገር ዛፍ ሥር የገባ ሰው አንድ ምት ቀድሞውኑ ከስሯል። ወደ ጎን የሚያወጣት ምት አዲስ ኪሳራ አይደለችም፤ የቆየውን ዕዳ መክፈል ናት። ብዙ ተጫዋች የሚሳሳተው «አንድ ምት ላባክን?» ብሎ በመጠየቁ ነው። ምቷ ከባከነች ቆይታለች፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ለቅዳሜና እሁድ ተጫዋች ደግሞ ሌላ ስሌት እንውሰድ ቢባል፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ተወስደው፣ ነገሩ እንዲህ ይመጣል። ወደ ጎን ካወጣት ከዚያ ወዲያ 3.5 ምት ይፈጅበታል፤ ድምሩ 4.5 ነው። በቅርንጫፎቹ መሃል አሾልኮ ግሪኑ አጠገብ ካደረሳት 2.5 ይቀረዋል። ዛፍ መትታ እዚያው ከቀረች ግን 4.5 ይቀረዋል። ከአሥር ሦስቴ የሚሳካለት ከሆነ ደፋሩ መንገድ በአማካይ 4.9 ምት ያስከፍለዋል፤ ሁለቱ መንገዶች እኩል የሚሆኑት ከአሥር አምስቴ ሲሳካለት ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ከዛፉ በስተጀርባ ውሃ አለ እንበል፤ ሲሳሳት የሚቀረው 5.5 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከሦስት ሁለቴ ካልተሳካለት መሞከሩ አያዋጣውም።

ከስሌቱ የሚወጣው ቁም ነገር ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ከሚያስበው በተቃራኒ ነው። ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ የሚያየው ሲሳካ የሚደርስበትን ቦታ ነው፤ ውሳኔውን የሚለውጠው ግን ሳይሳካ ሲቀር የሚደርስበት ቦታ ነው። ብድር የሚሰጥ ባንክ የተበዳሪውን የትርፍ ዕቅድ ገረፍ አድርጎ፣ መያዣውን ግን አገላብጦ የሚመረምረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ላይ «ከአሥር ስንቴ ይሳካልኛል?» የሚለውን ተጫዋቹ ለራሱ ሲመልስ ቁጥሩን ከፍ ማድረጉ አይቀርም። የምትታወሰው የተሳካችዋ አንዷ ናትና።

ሰው ለምን እንዲህ ያደርጋል?

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባሳተሙት ጥናት ያሳዩት፣ ሰው በትርፍ ላይ ሳለ እርግጠኛውን ትንሽ እንደሚመርጥ፣ በኪሳራ ላይ ሳለ ግን እርግጠኛዋን ትንሽ ኪሳራ ላለመቀበል ሲል ትልቁን ቁማር እንደሚመርጥ ነው። ካህነማን በ2002 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይኸው ነገር በጎልፍ ሜዳ ላይም ተለክቷል። ዴቪን ፖፕና ሞሪስ ሽዋይትዘር የተባሉ ሁለት ምሁራን በ2011 ባወጡት ጥናት ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ የባለሙያዎች የግሪን ምቶችን መርምረው፣ ርቀቱ እኩል ሆኖ ሳለ ለፓር የምትገፋዋ ኳስ ለበርዲ ከምትገፋዋ ይልቅ አዘውትራ እንደምትገባ አገኙ። ሁለቱም ዋጋቸው አንድ ምት ነው። ነገር ግን ቦጊ እንደ ኪሳራ ስለሚቆጠር ተጫዋቹ እሱን ለመሸሽ የበለጠ ይተጋል። ግሪን ላይ ይህ ትጋት ይጠቅማል። ዛፍ ሥር ሲሆን ግን ይኸው ፍርሃት ነው ሰውየውን ወደ ቅርንጫፉ የሚገፋው።

የገበያ ሰዎች በ1995 ሲንጋፖር ላይ የሆነውን አይረሱትም። ኒክ ሊሰን የተባለው የባሪንግስ ባንክ ሠራተኛ ኪሳራውን በስውር ሒሳብ እየደበቀ፣ ያንኑ ለማካካስ ውሉን እየጨመረ ሄዶ በመጨረሻ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ጠፋ። ከ1762 ጀምሮ የቆመው ባንክ በ1 ፓውንድ ተሸጠ። የሊሰን የመጀመሪያ ኪሳራ ባንኩን የሚነካ አልነበረም።

ለዚህ በሽታ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት መድኃኒት ቀላል ነው። ኳሷ ዛፍ ሥር ገብታ ሲያዩ የጉድጓዱን ፓር በልባቸው ይለውጡታል። ፓር 4 የነበረው ፓር 5 ሆነ ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ በ5 መጨረስ ኪሳራ መሆኑ ቀርቶ ጥሩ ሥራ ይሆናል። ነጋዴም ዕቃ ሲገዛ «ከዚህ ዋጋ በታች ከወረደ እሸጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ ወሰን የሚቆርጠው በንዴት ሰዓት የሚወስነው እሱ ራሱ እንዳይሆን ነው።

በርክዴል፦ ወደ ኋላ መሄድ

በጁላይ 2017 በእንግሊዝ ሮያል በርክዴል ሜዳ፣ እንደገና በብሪታንያ ኦፕን የመጨረሻ ቀን፣ አሜሪካዊው ጆርዳን ስፒዝ ከማት ኩቻር ጋር እኩል ሆኖ 13ኛው ጉድጓድ ደረሰ። የመጀመሪያ ምቱ ከፌርዌዩ ከ100 ያርድ በላይ ወደ ቀኝ ርቃ፣ ከአሸዋ ኮረብታ ላይ ሣር ውስጥ ገባች። በዓመቱ በፊት በኤፕሪል 2016 ይኸው ሰው በአሜሪካ ኦገስታ፣ በማስተርስ ውድድር በ5 ምት ሲመራ ከቆየ በኋላ፣ 12ኛው ጉድጓድ ላይ ሁለት ኳስ ተከታትሎ ውሃ ውስጥ ከቶ ፓር 3 የሆነውን ጉድጓድ በ7 ጨርሶ ዋንጫውን አጥቷል።

በርክዴል ላይ ግን አልቸኮለም። ኳሷ ልትመታ አትችልም ብሎ አስታወቀ። ደንቡ እዚህ ላይ በደንብ መታወቅ አለበት፤ ብዙ ተጫዋች የሚጎዳው ባለማወቁ ነው። ኳሷ ውሃ ካለበት የቅጣት ክልል ውስጥ እስካልሆነች ድረስ፣ ተጫዋቹ ልትመታ አትችልም ብሎ በ1 የቅጣት ምት ከሦስት አንዱን መምረጥ ይችላል። አንደኛው፣ የመጨረሻውን ምት ወደመታበት ቦታ መመለስ። ሁለተኛው፣ ከኳሷ በሁለት የዱላ ርዝመት ክልል ውስጥ፣ ወደ ጉድጓዱ ሳይጠጉ መጣል። ሦስተኛው፣ ኳሷ ያለችበትን ነጥብ ከጉድጓዱ ጋር በሐሳብ መስመር አገናኝቶ፣ በዚያው መስመር የፈለጉትን ያህል ወደ ኋላ መሄድ። ከባንከር ውስጥ በዚህ መስመር ከአሸዋው ውጪ መጣል የሚፈልግ ደግሞ ከ2019 ወዲህ በ2 የቅጣት ምት ተፈቅዶለታል። ኳሷም ከዚያው ዓመት ጀምሮ የምትጣለው ከጉልበት ቁመት ነው።

ስፒዝ ሦስተኛውን መረጠ። ከመስመሩ ሳይወጣ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ የመለማመጃው ሜዳ ደረሰ፤ የመለማመጃው ሜዳ ከክልል ውጪ ተብሎ ያልተከለለ መሆኑን ከዳኞች አረጋገጠ። የመሣሪያ መኪኖች ስለጋረዱት ከእነሱ ነፃ የሚሆንበት ቦታ ተሰጠው። ይህ ሁሉ ከ20 ደቂቃ በላይ ፈጀ፤ ኩቻርም ፌርዌይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ስፒዝ በኋላ ይቅርታ ጠይቆታል። ዱላ ተሸካሚው ማይክል ግሬለር ቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ ተማክረው በሦስት ቁጥር አይረን ኮረብታውን አሻግሮ ግሪኑ አቅራቢያ አደረሳት፤ በአራተኛው አጠጋት፤ በአምስተኛው አስገባት። ቦጊ። በ1 ምት ወደ ኋላ ቀረ፤ ሊያልቅ ከሚችለው ጋር ሲተያይ ግን ርካሽ ግዢ ነበር። በቀጣዮቹ አራት ጉድጓዶች ሦስት በርዲና ሁለት ምት የሚያተርፍ አንድ ኢግል አገኘ፤ በ3 ምት አሸነፈ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሃያ ደቂቃ መቆም ያሳፍራል ብሎ ቢመታት ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር። ተራ ተጫዋች ሃያ ደቂቃ እንዲወስድ ግን አይመከርም፤ ከኋላው የሚጠብቁት ሰዎች አይታገሡትም።

ከዛፍ ሥር አወጣጥ

የሥራው ዝርዝር ብዙ አይደለም፤ ቢሆንም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሚታየው ሣሩ ነው እንጂ ክፍተቱ አይደለም። ኳሷ ሣር ውስጥ ከሰመጠች ረጅም አይረን አይነካም፤ ሣሩ የዱላውን አንገት ይይዝና ፊቱን ይዘጋዋል። ፊቱ ወደ ላይ በተንጋለለው አጭር ዱላ፣ በዌጅ፣ በቅርቡ መንገድ ማውጣት ነው። ሣሩ መካከለኛ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ በዱላውና በኳሷ መሃል ሣር ሲገባ ኳሷ መሽከርከሯ ስለሚቀንስ ከታሰበው በላይ ርቃ ትበራለች።

ቦታው ንጹሕ ከሆነ ከቅርንጫፍ በታች ዝቅ ብላ የምትሄድ ምት ትመታለች። ኳሷን ወደ ኋላ እግር ጠጋ ማድረግ፣ እጅን ከኳሷ ማስቀደም፣ ፊቱ ብዙ ያልተንጋለለ አይረን መያዝ፣ ዱላውን አሳጥሮ ማንሳትና ከመቱ በኋላም አሳጥሮ ማቆም። ክፍተቱን ሲመርጡ ሰፊው ይመረጣል፤ ወደ ኋላም ቢሆን። ሰው ግን ወደ ኋላ መምታት ያፍራል። ሌላው የሚዘነጋ ነገር መጠኑ ነው። ዝቅ ያለች ኳስ ብዙ ስለምትንከባለል ፌርዌዩን አቋርጣ ማዶ ያለው ረፍ ውስጥ የምትገባበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመምታት በፊት ፌርዌዩ ድረስ ሄዶ ወርዱን ማየትና፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ምት የሚመቸውን ርቀት መርጦ እዚያ ማስቆም ያሻል።

የወደቀ ቅጠልና ጭራሮ ማንሳት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን በማንሳቱ ኳሷ ከተንቀሳቀሰች 1 ምት ያስቀጣል። መንገድ ለማስፋት የበቀለ ቅርንጫፍ መስበር በምት ቆጠራ ጨዋታ 2 ምት ያስቀጣል።

መድፈር የሚያዋጣበት ጊዜ

እዚህ ላይ አንባቢ ተቃውሞ ሊያነሳ ይችላል። በ2010 በኦገስታ ይኸው ሚከልሰን መሪነቱን ይዞ ሳለ፣ 13ኛው ጉድጓድ ላይ በሁለት ዛፎች መሃል ከጥድ ቅጠል ላይ ከ200 ያርድ በላይ መትቶ ወንዙን አሻግሮ ከጉድጓዱ ጥቂት እርምጃ ላይ አላሳረፈም? ዋንጫውንስ አልወሰደም? እውነት ነው። ኳሷ ያረፈችበት ቦታ ንጹሕ ነበር፤ ክፍተቱም ይታይ ነበር። ቢሆንም የዚያ ምት መሳካት ምቱ ትክክል ለመሆኑ ማስረጃ ተደርጎ ሲወሰድ የዊንግድ ፉቱ ምት ከመዝገብ እንደተፋቀ ያህል ነው። በገበያም ዕዳ ላይ ዕዳ ጨምሮ ያተረፈው ሰው ታሪኩን በየካፌው ያወራል፤ የከሰረው ካፌ አይመጣም። በዚያው ኦገስታ በ2007 ዛክ ጆንሰን በአራቱ ቀናት ያጋጠሙትን ፓር 5 ጉድጓዶች፣ አሥራ ስድስቱንም፣ አንዱን እንኳ በሁለት ምት ልድረስ ሳይል፣ ኳሷን እያሳጠረ በሦስተኛው ምት እየተጫወተ በእነዚያው ጉድጓዶች ላይ 11 ምት አትርፎ ታይገር ውድስን በ2 ምት ቀድሞ ዋንጫውን ወስዷል። ያን ግን የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው።

የ2012ቱ የቡባ ዋትሰን ምት ግን ለየት ይላል። ከሉዊስ ኡስትሃይዘን ጋር በመለያ ጨዋታ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ዋትሰን በስተቀኝ ጥዶች መሃል ገብቶ ነበር። ኡስትሃይዘን ቀድሞ መትቶ ከግሪኑ አጠረበት። ዋትሰን በዌጅ ኳሷን በኃይል ወደ ቀኝ አጥምዞ ከዛፎቹ አውጥቶ ግሪን ላይ አሳረፋት፤ አሸነፈም። በመለያ ጨዋታ እያንዳንዱ ጉድጓድ ብቻውን የሚቆም ስለሆነ በ5 የተሸነፈና በ8 የተሸነፈ አንድ ናቸው። የሚጠብቀው ብልጫ አልነበረውም፤ ክፍተቱም ከፊቱ ነበር፤ ኳሷን ማጣመም ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተበት ስልት ነው።

በወዳጆች መካከል በውርርድ የሚደረገውም ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ምት የሚደመርበት ሳይሆን ጉድጓድ በጉድጓድ የሚሸናነፉበት ነው። በዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ዛፍ ሥር የገባ ሰው ከሣሩና ከክፍተቱ ቀጥሎ የሚያየው ባላጋራው ያለበትን ቦታ ነው። ባላጋራው በሁለት ምት ግሪን ላይ ከሆነ ወደ ጎን ማውጣት ጉድጓዱን አስረክቦ መሄድ ስለሚሆን በቅርንጫፉ መሃል መሞከሩ አያስነቅፍም፤ ኪሳራው ያው አንድ ጉድጓድ ነው። ባላጋራውም ባንከር ውስጥ ከሆነ ግን ዌጁን አውጥቶ፣ ኳሷን ወደ ፌርዌይ መልሶ፣ ሰውየው ከአሸዋው እስኪወጣ መጠበቅ ነው።